ከቲቸር ጓሮ የጠፋው ሰማያዊ ዘንባባ

ጉድጓዱ አምሮ የተቆፈረ ነበር። ምክትል ኢንስፔክተር ዲንኪቱ ጉዮ በአሥራ አራት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ብዙ ጉድጓድ አይታለች፤ የተሰረቀ ብረት የተቀበረበት፣ አረቄ የተደበቀበት፣ አንድ ጊዜም ሰው የተጣለበት። እንዲህ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ አፈሩ በአንድ ወገን በሥርዓት ተከምሮ የተቆፈረ ግን ገጥሟት አያውቅም። ሌባ ይቸኩላል። ይህን የቆፈረው ሰው አልቸኮለም።

«እዚህ ነበር» አሉ ቲቸር የዓለምወርቅ፣ ሌላ ቦታ የነበረ ይመስል በጣታቸው እያሳዩ። «ትናንት ቀብር ሄጄ ስመለስ የለም።»

ከዲንኪቱ ኋላ የቆመው ሳጅን ቡሌ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። ጡረታው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም አዲስ ነገር ማየት አይፈልግም። «ኢንስፔክተር፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሞተር ሳይክልና ሰባት ግመል ጠፍቷል። እኛ አበባ ፍለጋ እንውጣ?»

«አበባ አይደለም። ጻፍ።»

ሳጅኑ ደብተሩን አወጣ። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን አላወቀም፤ የጠፋውን ነገር ስም በነገሌ ቦረና በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ «የቲቸር ሰማያዊ ዘንባባ» ይለዋል። ግንዱ አጭርና ድንቡሽ ያለ፣ ቅጠሉ ዙሪያውን እሾህ፣ ቀለሙ አመድማ ሰማያዊ። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ሁሉ ቀለም የተቀባ መስሎት በጣቱ ይነካዋል፤ ቲቸርም እጁን በማስመሪያ እንደሚመቱት ተማሪ ይቆጡታል።

ዲንኪቱ ተንበርክካ የጉድጓዱን ግድግዳ ነካች። የ2015 ዓ.ም. የካቲት አገሩን አድርቆት፣ ውሃ በጋሪ እየመጣ በጀሪካን ይሸጥ ነበር፤ ቀዩ አፈር ዶማ ይመልሳል። የዚህ ጉድጓድ አፈር ግን ለስላሳ ነበር።

«አጠጥተውት ነበር እንዴ ቲቸር?»

«እኔ አቅሙ ከየት መጥቶ። ከትናንት ወዲያ ጋሽ ሸዋንግዛው ሁለት ጀሪካን አሸክሞ መጥቶ አጠጣልኝ። እግዜር ይስጠው፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንደ ወንድም ነው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር። ዲንኪቱ አንገቷን ነቀነቀች፣ ሳጅን ቡሌ ጻፈ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ።

«እስቲ ነይ ላሳይሽ» አሉ ቲቸር።

ወደ ቤት አስገቧትና የጓዳውን በር ከፈቱ። ክፍሉ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ አልጋው ላይ ገና እጥፋቱ ያልለቀቀ አንሶላ ተነጥፏል። በመስኮቱ በኩል አጥር ሥር የታሰረ በግ ይታያል።

«ፍሬው እኮ ሊከፈት ሳምንት አልቀረውም ነበር» አሉ ቲቸር። ድምፃቸው ስብር አለ። «ዲንኪቱ፣ ልጄ መጥቶ ተክሉ የት አለ ቢለኝ ምን እላለሁ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ሳጅን ቡሌ ያላወቀው፣ ሰፈሩ ግን በሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ዲንኪቱ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ስትገባ ከኦሮምኛ በቀር አንድ ቃል አትሰማም ነበር። ከወሎ መጥተው ነገሌ የቀሩት ቲቸር የዓለምወርቅ ፊደል እንዲያስቆጥራት ከገዛ ልጃቸው ከኢያሱ ጎን አስቀመጧት። ፊደሉንም ቆጠረች፣ ልጁንም ወደደች። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ኢያሱ እናቱን «ሽማግሌ ላኪልኝ» አላቸው። ቲቸር እሺም እምቢም አላሉም። «መጀመሪያ እንጀራ ይኑርህ» ነው ያሉት። እሱም እንጀራ ፍለጋ በ2000 ዓ.ም. በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ለዲንኪቱ ሦስት ዓመት ብሏት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እሱ አልመጣም፤ ከጆሃንስበርግ የተመለሰ ሰው በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ቀይ ሽንኩርት የሚያህል ነገር ለቲቸር አደረሰ። ኢያሱ በስልክ «እማ፣ ይሄ ነገር ችኩል አይወድም። ፍሬ ሲይዝ ግን እኔም ደጅሽ ላይ ነኝ» አላቸው። እሳቸው ጠጠርና አሸዋ አልብሰው ተከሉት። በዓመት ሁለት ቅጠል ያወጣል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጭራሽ አያወጣም። በ2009 ዓ.ም. የኢያሱ ስልክ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ቲቸር ጆሯቸውን ወደ ተክሉ አዞሩ። ተክሉ ደህና ከሆነ ልጁም ደህና ነው፤ ሃይማኖታቸው ይህን ባይፈቅድም ሆዳቸው እንዲህ ይል ነበር።

ባለፈው ወር ከቅጠሎቹ መሐል የበቆሎ እሸት የመሰለ ፍሬ ብቅ አለ። ቲቸር ጣቢያ ድረስ መጥተው ለዲንኪቱ ነገሯት። የሠላሳ ሰባት ዓመቷ ምክትል ኢንስፔክተር፣ ቀማኛ በካልቾ የምታስቆመው ሴት፣ በዚያው ቀን ሄዳ ፀጉሯን ተሠራች። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ለራሷ ምክንያቱን አልነገረችም። ናፍቆት እንዲህ ነው፤ ሰው ይታዘበኛል አይልም።

«አገኘዋለሁ ቲቸር» አለች። እንዲህ ብሎ ቃል መግባት በሥራዋ ክልክል ነው።

*

የሰፈሩ ሰው ምስክርነት ቃል በቃል አንድ ነበር። ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ? ለቅሶ ላይ። አንቺስ? ለቅሶ ላይ። አንዲት የእድሩ አባል የሆኑ ባልቴት አርፈው ሰፈሩ በሙሉ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበር። እድሩ ስም ይጠራል፤ የቀረ የለም።

«ሌባው ይህን ያውቃል» አለች ዲንኪቱ። «ቤቱ ሁሉ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት መርጧል።»

«ነገሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ ማን አለ?» አለ ሳጅን ቡሌ። «እኔ ራሴ ለመስረቅ ባስብ ቀብር እጠብቅ ነበር።»

ከቲቸር ቤት እስከ ዋናው መንገድ መውጫው አንድ ነው፤ መውጫው ላይ የፋዲል ሱቅ አለ። ፋዲል ከጠዋት እስከ ማታ በርጩማው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ሰፈሩ «ካሜራው» ይለዋል።

«ትናንት በቀብሩ ሰዓት መኪና አለፈ?»

«አላለፈም።»

«ጋሪ? ባጃጅ?»

«ምንም። ወላሂ አስከሬን ብቻ ነው ያለፈው። እኔ ደግሞ አስከሬን ሲያልፍ በሬን ገርበብ አድርጌ ቆሜ ነው የማሳልፈው። የእኛም ይሁን የእናንተ ሟች አልለይም፣ አባቴ ያስተማረኝ ነው። ትናንት ሁለቴ ስገረብብ ዘይት ሊገዛ የቆመው ሰውዬ ‹ትሸጣለህ ወይስ በር ትለማመዳለህ?› ብሎ ሰደበኝ።»

ሳጅን ቡሌ ሳቀ። ዲንኪቱም ፈገግ አለች፣ ጻፈችም፤ ግን አእምሮዋ መኪና መኪና ይል ስለነበር የጻፈችውን አላነበበችውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ።

*

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራሱን አጋለጠ ማለት ይቻላል፤ ከቲቸር ጓሮ ጀርባ የሚኖረው ጋልጋሎ ተክሉን እንደሚጠላ አውጆ ነበር። አምና ቲቸር ቆርጠው በአጥር የጣሉትን ቅጠል የጋልጋሎ ጊደር በልታ የኋላ እግሯ ከዳት። በሳምንቱ ታረደች። ጋልጋሎ በሰው ፊት «ይህን ሰይጣን አንድ ቀን እነቅለዋለሁ» ብሎ ነበር።

በረቱ ውስጥ ሆኖ የከሳች ላም በእጁ ሲያበላ አገኙት።

«አካም ዲንኪቱ። ናጋ?»

«ናጋ ጋልጋሎ። ትናንት የት ነበርክ?»

«ለተክሉ ነው አይደል የመጣሽው?» ሳር የያዘ እጁን አራገፈ። «ፊልቱ ገበያ ነበርኩ። ሁለት ወይፈን ይዤ ወርጄ ዛሬ ጠዋት ገባሁ። ሰማታርን ጠይቂው፣ ደላላውን።»

ሳጅን ቡሌ ስልክ ሊደውል ወጣ። ጋልጋሎ አንገቱን ወደ አጥሩ መለሰ።

«ስሚኝ። እኔ ያን ነገር ልገድለው ብል ናፍጣ እደፋበት ነበር፣ በቃ። ትናንት አይደለም፣ አምና። ለምን እንዳልደፋሁበት ልንገርሽ? በየጠዋቱ ቲቸር ሲያናግሩት እሰማለሁ። በስሙ ነው የሚጠሩት። ‹ኢያሱ፣ እንዴት አደርክ?› ይላሉ። ሰው እንዲህ የሚያናግረው ነገር ላይ ናፍጣ ይደፋል?»

ዲንኪቱ ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«ደግሞ» አለ ጋልጋሎ፣ «ጉድጓዱን በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ሥሩን ሳይቆርጡ ነው ያወጡት። ጠላቱን ከነሥሩ ተጠንቅቆ የሚነቅል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳጅን ቡሌ ተመለሰ። ደላላው ሰማታር ትናንት ቀኑን ሙሉ ከጋልጋሎ ጋር እንደነበረ አረጋግጧል። ዲንኪቱ ስትወጣ ጋልጋሎ ከኋላዋ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና ወደ ላሟ ተመለሰ።

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የተሻለ ነበር። ወንዶሰን የሚባል፣ ለሆቴሎች የአትክልት ቦታ የሚሠራ የሐዋሳ ሰው፣ ከወር በፊት የቲቸርን ደጅ ጠንቶ ነበር። ሽጡልኝ ብሎ ለመነ፣ ተንበረከከ፣ በመጨረሻም ተባረረ። ትናንት ደግሞ ፒካፑ በነገሌ ታይታለች።

ዋደራ ላይ ምሳ ሲበላ ደረሱበት። ፒካፑ በሸራ ተሸፍናለች። ሳጅን ቡሌ ሸራውን እንደ አስማተኛ ገፈፈው፤ ከሥሩ ሃያ የሚሆኑ የበረሃ ተክሎች ብቻ ወጡ፣ ሁሉም ግንዳቸው እንደ ጠርሙስ ያበጠ። ሰማያዊ ቅጠል አልነበረም።

«ተሰረቀ?» ወንዶሰን ማንኪያውን ጣለ። ፊቱ የእውነት ገረጣ። «ከነፍሬው? ኧረ እግዚአብሔር! ፍሬ ይዞ ይነቀላል እንዴ?»

«አንተ ብትሆን አትነቅለውም ነበር?»

«እኔ እብድ ነኝ እንዴ? ሊሞት ይችላል እኮ። እሱ ዘንባባም አይደለም፤ ሳይካድ ይባላል፣ በገዛ አገሩ እንኳ ብርቅ ነው። በዚህች አገር ሁለተኛ አይቼ አላውቅም።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ በሕልሜ አይቼዋለሁ። ግን ሰው ልጁን እየጠበቀበት ያለ ተክል እንዴት እሰርቃለሁ?»

ዲንኪቱ አመነችው። የሚወዱትን ነገር በሌላ ሰው ጓሮ እያዩ መመለስ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ግን የመጣችው ለማመን አይደለም፤ ስለዚህ ሌላ ጠየቀች።

«አንድ ሰው ሊሸከመው ይችላል?»

«በፍጹም። ክብደቱን ተዪው፣ እሾሁ አያስጠጋም። ያንን ልታቅፊው አትችይም። ሳይሰበር ለመውሰድ አራት ሰውና ሰፊ ሳንቃ ወይም ቃሬዛ ያስፈልጋል። ላዩን ደግሞ በጨርቅ መሸፈን፣ በቀስታ መሄድ…» በእጁ አየር ላይ አስኬደው። «የሸፈነው ጨርቅ ካለ ፈልጊው። ሰማያዊው ነገር የቅጠሉ ሰም ነው፤ የነካው ሁሉ ላይ ይቀራል። እኔ አንዴ ብነካው እጅጌዬ አመድ መሰለ።»

ወደ ነገሌ ሲመለሱ ሳጅን ቡሌ መሪውን ይዞ ስለ ግመሎቹ ያወራ ነበር። ዲንኪቱ አትሰማውም። አራት ሰው። ቃሬዛ። ጨርቅ። በቀስታ መሄድ።

«ሳጅን፣ ፋዲል በሩን ስንት ጊዜ ገረበብኩ ነው ያለው?»

«ሁለቴ።»

«ስንት ሰው ነው የሞተው?»

ሳጅን ቡሌ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ በአቧራ መሐል ቆመች፣ ሁለቱም ተያዩ።

*

«የመጀመሪያው አስከሬን ሲያልፍ ሰው ከኋላው ግር ብሎ ነው» አለ ፋዲል። «ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ መጣ። የተሸከሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አዘንኩ፤ ሰው የሌለው ምስኪን ነው ብዬ።»

«ምን እንደሆነ አላየህም?»

«ሬሳ ገልጬ አያለሁ እንዴ?»

«የተሸከሙትስ?»

ፋዲል ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመንገዱ አነሳ። ስም ከአፉ ማውጣት አልወደደም። «ከፊት በስተቀኝ የነበሩት ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው» አለ በመጨረሻ። «እያለቀሱ ነበር። የሚያለቅስ ሰው ተክል ይሰርቃል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

*

የእድሩ ዕቃ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፉን ያለ ክርክር አወጡ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር ድስት፣ አካፋና ዶማ፣ ሁለት ቃሬዛ። ዲንኪቱ መደርደሪያው ላይ የታጠፈውን ጥቁር የአስከሬን ልብስ አውርዳ በፀሐይ ዘረጋችው። መሐሉ በእሾህ ተበሳስቷል። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ አመድማ ሰማያዊ ዱቄት ተጣብቋል።

«ትናንት የት ነበሩ ጋሼ?»

«ለቅሶ ላይ ነበርኩ።»

«ጋሼ፣ እባክዎ።»

«አልዋሸሁሽም ልጄ።» ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ነይ።»

በመቃብሮቹ መሐል አለፉ። ከቲቸር ባለቤት ሐውልት ጎን አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ። አፈሩ ላይ፣ ሦስት ቅጠል ተሰብሮበት፣ ፍሬውን እንደያዘ፣ ሰማያዊው ተክል ቆሟል። ዙሪያው ጠጠር ተነጥፎለታል።

የፖሊስ አእምሮ ቶሎ ይገባዋል። ልብ ነው የሚዘገየው። ዲንኪቱ ተክሉን አየች፣ ሐውልቱን አየች፣ መልሳ ሽማግሌውን አየች።

«መቼ?»

«በ2009፣ ጥር ላይ። ሱቁ ውስጥ እንዳለ ገብተው ተኮሱበት። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። ለእናቱ በስልክ መንገር ነውር ነው ብለው ለእኔ ደወሉ፤ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያኔ የዓለምወርቅ ልቧን ታማ ከሐዋሳ ሐኪም ቤት መውጣቷ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰበሰብንና ‹ትንሽ ታገግም› አልን። አገገመች። ‹ፋሲካ ይለፍ› አልን። ፋሲካው አለፈ። እኅቷ ሞተችባት፣ ‹ሐዘን በሐዘን ላይ አይሆንም› አልን። ከዚያ ዓመት ሞላው። ዓመት ካለፈው በኋላ ማን ምን አፍ አለው? መርዶ እያደር ይከብዳል፣ ዲንኪቱ። አርባውን ሳናወጣለት፣ ተዝካሩን ሳናወጣለት ስድስት ዓመት። እኔ በየሳምንቱ ቤቷ እየገባሁ ‹ደወለ ወይ?› እያልኩ እጠይቃታለሁ። እየጠየቅኋት መውጫው ጠፋኝ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል?»

«ከእሷና…» ዓይናቸውን መሬት ተከሉ። «ከአንቺ በቀር።»

ጋልጋሎ ከፍቶ የዘጋው አፍ ትዝ አላት። በገበያ፣ በሠርግ፣ በጣቢያው በር ላይ ስንቱ ሰው እንዲያ አፉን ከፍቶ ዘግቶባታል። «ለእኔስ ለምን?»

«ለአንቺ ከነገርን ለእሷ ደረሰ ማለት ነው። አንቺ ፊትሽ አይዋሽም።»

«ተክሉንስ ለምን?»

«በጉን ስትገዛ አየሁ። የክፍሉን ቀለም የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ አብረን ነው የቀባነው። ፍሬው ይከፈትና ልጁ ሳይመጣ ሲቀር ብቻዋን ደጅ ቆማ ልያት? ተክሉ ከጠፋ ቀጠሮውም ይጠፋል አልኩ። ሦስቱን ለመንኳቸው። ስንነቅለው ግን እጄ አልጥለው አለ። ልጁ በአገሩ አንድ ክንድ መሬት የለው። ቢያንስ ከላከው ነገር ላይ አፈር ላልብስ ብዬ፣ ለቀስተኛው እስኪበተን ዕቃ ቤት አቆይቼ ከአባቱ ጎን ተከልኩት። አራታችን ነን ያለቀስንለት።» ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። «ሌብነት ነው፣ አውቃለሁ። እሰሪኝ።»

ዲንኪቱ ደንብ ልብሷን ለብሳ ስለነበር አላለቀሰችም። ስድስት ዓመት በየምሽቱ ስልኳን ሳትዘጋ አድራለች። ሁለት ጊዜ ደህና ሰው ሊያገባት ጠይቆ «ቃል አለብኝ» ብላለች። ለሞተ ሰው ፀጉሯን ተሠርታለች።

«ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «አራታችሁም ከቲቸር ደጅ ትገኛላችሁ። የምሰጥዎት ቀጠሮ ይህ ነው።»

መኪና ውስጥ ሳጅን ቡሌ መዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ ብሎ አልጠየቀም። ስለ ግመሎቹም አላወራም። ቀስ ብሎ ነዳ።

*

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ አልቅሶ እንዲውል፣ ብቻውን እንዳያድር። አራቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ዲንኪቱ ደንብ ልብሷን ትታ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። በሩን ያንኳኳችው እሷ ናት፤ ከሽማግሌዎቹ የደፈረ አልነበረም።

ቲቸር የዓለምወርቅ ከፈቱ። ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ግን ዓይናቸውን ቶሎ ወደ ዲንኪቱ መለሱ፣ እሷን ብቻ ካዩ ሌሎቹ የማይኖሩ ይመስል።

«ተገኘ?»

«ተገኘ ቲቸር።»

«የት?»

ሌሊቱን ሙሉ የተለማመደችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። «ከባለቤትዎ ጎን» አለች። «ከመቃብራቸው ጎን።»

ቲቸር የበሩን ጠርዝ ያዙ። አልጮኹም። «ማን ወሰደው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፤ ተንበርክከው ቲቸር እግር ላይ ወደቁ።

«መቼ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ፣ ቀብር…»

«ስለ ተክሉ አይደለም የጠየቅሁህ።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ከመሬት አላነሱም። «በ2009 ነው። በጥር።»

ቲቸር በጣታቸው ቆጠሩ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ሕፃናትን ባስቆጠሩበት እጅ። ስድስተኛው ላይ ቆሙ።

«ስድስት ዓመት እግዜርን ‹ጠብቅልኝ› እያልኩ ስለምን» አሉ በቀስታ፣ «አንተ ከጎኔ ቆመህ ‹አሜን› ትል ነበር። የልጄን ነፍስ ማርልኝ ማለት ሲገባኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደ ልጅ መንሰቅሰቅ ጀመረ። ቲቸር ግን ወደ ዲንኪቱ ዞሩ፤ ፊቷን፣ ያበጠ ዓይኗን፣ ጥቁር ቀሚሷን አንድ በአንድ አዩ።

«አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት፣ ቲቸር።»

«ማን ያዘሽ? ስትሰሚ ማን አጠገብሽ ነበር?»

«ማንም።»

ያን ጊዜ የቲቸር ፊት ተሰበረ። የዲንኪቱን እጅ ጨብጠው ወደ ግቢው ሳቧት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ሊከተሉ ሲነሱ በሌላው እጃቸው አስቆሟቸው።

«እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል» አሉ። «ቆዩ። መጀመሪያ እኔና ምራቴ እናልቅስ።»

በሩ ተዘጋ፤ ከውስጥ የሁለት ሴቶች ጩኸት ተሰማ።